ልስልሱ አፈር

ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ምራቴ ከእንግዲህ አፈሩን ራሴ ልቆፍር፣ ለማሰሮ የትኛው ይሻላል አለችኝ።»

«ከገደሉ ሥር ያለውን ሻካራውን አሳየሻት?»

«የለም፤ የወንዝ ዳሩን ልስልሱን።»

«እሱ እሳት ሲነካው ይሰነጠቅ የለም እንዴ?»

«ይሰነጠቅ።»

«ምን በደለችሽ?»

«ገበያተኛው ሁሉ የእሷን ማሰሮ ነው የሚጠይቀው። ልጄ እንኳ የእኔን እንስራ ትቶ ከእሷ ይጠጣል።»

«እሷስ ስታሳዪያት ምን አለችሽ?»

«ጉልበቴን ስማ አመሰገነችኝ።»

«አይ አንቺ! ለመሆኑ አማትሽ ለአንቺ የትኛውን ነበር ያሳየችሽ?»

«ነፍሷን ይማረው፣ ሻካራውን።»

እኔ ዘንድ አራስነቷን ጨርሳ ወደ አማቷ ቤት የምመልሳት ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ አጠገቤ ታዳምጥ ነበርና፣ ነጠላዋን አስተካከልኩላት።