እትዬ፣ ጠጋ በይልኝ

ይህ ወሬ ዓለም ገና ላይ ዕቃ ሊረከበኝ የቆመ ደንበኛዬን አሳጥቶኛል። ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ። ከአጠገቤ አንዲት ወጣት ሰዓሊ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ሻሽ ያሰረች የፋብሪካ ሠራተኛ የተሣለችበት፣ ሰው የሚያህል ሸራ ወንበር ይዟል። መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ።

«አካም ጅርቱ፣ ደህና ነሽ እትዬ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ» አሉ ለሥዕሉ። ትንሽ ጠበቁ። «ይቺ ሴትዮ አትሰማም እንዴ?»

«አባባ፣ ሥዕል ናት» አለች ልጅቷ።

«ማን ሣላት?»

«እኔ። ኤግዚቢሽኑ ላይ አናስገባትም ብለው መለሱኝ።»

«ምን ጎደላት?»

«ሕይወት የላትም አሉ ዳኞቹ።»

«ዳኞቹ ታክሲ ይሳፈራሉ?»

«መኪና አላቸው።»

«እንግዲያማ ቦታ ለምነው አያውቁም።»

«እርስዎ ዓይንዎ ደክሞ ነው።»

«ደክሟል። የእነሱስ?»

«ተዉት አባባ። ነገ ነጭ ቀብቼ ሸራውን እሸጠዋለሁ።»

«ሌላ አትሥይም?»

«ለማን?»

«ለእኔ። ዳኛ አይደለሁም፤ ጠጋ በይልኝ ያልኳት ግን እኔ ነኝ።»

«መስቀያ ግድግዳ አለዎት?»

«ቆርቆሮ ነው። ሚስማር ይይዛል።»

ልጅቷ አልሳቀችም፤ ሸራውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

ዓለም ገና ላይ ወራጅ ማለት ነበረብኝ፤ ለተሣለችው ሴትዮ እንደተጠጋሁላት ሰበታ ደረስኩ።