ልጅ የሚወድ መሬት

መብራት ጠፍቶ የስፌት መኪናቸው ባይቆም ኖሮ፣ አዛውንቱ ልብስ ሰፊ በዚያ ሰዓት ቤታቸው አይገኙም ነበር። ምራታቸውን የጓሮው በር ላይ ዶማ ይዛ አገኟት። ሁለቱ ልጆቿ የዘር ከረጢት ታቅፈው አጠገቧ ቆመዋል። ሽማግሌው ክው አሉ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ካሮትና ጎመን ልንዘራ ነዋ፣ አባባ። ምናልባት በእጃቸው የዘሩትን አንበላም አይሉኝ ይሆናል።»

«ያ መሬት ልጅ ይወዳል ብዬሽ የለ! ሌላ ቦታ ጠፋ?»

አይፈረድባቸውም። ከብዙ ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያ አፈር ስትጫወት ሰንብታ ታመመችና ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጓሮው ተዘግቶ ኖረ። ወፍ እንኳ አያርፍበትም ይላል ሰፈሩ። እኔ አላየሁም፤ ግን በዚያ በኩል ሳልፍ እርምጃዬን ማፍጠኔን አልክድም።

«በሐዘንዎ አልቀልድም፣ አባባ» አለች ምራታቸው። ነርስ ናትና አነጋገሯ ረጋ ያለ ነው። «ግን ልጠይቅዎ። ያኔ የቤቱ እጣቢ የት ነበር የሚደፋው?»

«የት ይደፋል? እዚያው ነዋ።»

«እሷስ ተጫውታ ስትገባ እጇን ታጥባ ነበር የምትበላው?»

«ማን ነግሮን፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«የወሰዳት ተቅማጥ ነው እንግዲህ። አፈሩ ምን በደለ? እጣቢው ወደ ቱቦ ከዞረ ስንት ዘመኑ! ልጆቹ ቢኮተኩቱ ትዕግሥት ይማራሉ፤ ከደጃቸው ቀጥፈው ይበላሉ፤ ሲጨርሱ በሳሙና ይታጠባሉ።»

«እነዚህንስ ቢወስድብኝ?» አሉ ሽማግሌው።

እነሱ ሲከራከሩ ልጆቹ ሹልክ ብለው ገብተዋል። ትልቁ በጣቱ አፈሩን ይወጋል፣ ትንሿ ዘር ትጥላለች። ሁለት መስመር ጨርሰው ሦስተኛ ጀምረዋል። ትንሿ ወደ ባዶው ቦታ እያየች ትስቃለች።

«ሦስተኛው የማን ነው?» አለች እናታቸው።

«የሷ!» አለች ትንሿ ወደ ባዶው ቦታ እየጠቆመች። «ዘሩ እየፈሰሰባት እኮ ነው። ኪሷ ተዘቅዝቆ ነው የተሰፋው። አባባ ነው የሰፋልኝ አለች።»

ሽማግሌው የሟቿን ልጃቸውን ቀሚስ የሰፉት በሙያቸው ገና ጀማሪ ሳሉ ነበር፤ ኪሱን ዘቅዝቀው ሰፍተውት ልጅቷ ስትስቅባቸው ሰነበተች። በዚያው ቀሚስ ቀበሯት። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«ኑ፣ እጅ እንታጠብ!» አለች ነርሷ በድንጋጤ።

«እሷ መታጠብ አትችልም» አለች ትንሿ። «ማንም አላሳየኝም ትላለች።»

አዛውንቱ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሳሙናና ውሃ የሞላ ጆግ አምጥተው የልጅ ልጆቻቸውን አስታጠቡ። «ልክ ብለሻል፣ ልጄ» አሏት ምራታቸውን። «መሬቱን ስከስስ ኖርኩ። ይዘራ፤ ነገ ፍግ አመጣላችኋለሁ። እዚህ ቤት ግን ከእንግዲህ ሳይታጠብ ቁራሽ የሚነካ የለም።»

ከዚያ ጆጉን ትንሿ በጠቆመችው በኩል ዘንበል አደረጉ። «ነይ የኔ ልጅ፣ ላሳይሽ።»

ከጆጉ የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። መሬት የደረሰው ግን ጭቃ ሆኖ ነው። ምራታቸውም አየችው።

«ጎሽ፣ የኔ ጎበዝ» አሉ ሽማግሌው። «በጣቶችሽም መሃል ፈትጊው።»