እትዬ ከፌርማታው ስትደውል

ሐሙስ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቤት ውስጥ እኔና አክስቴ ብቻ ነበርን፤ እኔ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል፣ አክስቴ መስኮቱ ሥር ክር ሲያጠነጥኑ። ታላቅ እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድን ነገር ደጋግማ ካላረጋገጠች ልቧ አያርፍም፤ ሐኪሟ ሕመም ነው፣ ይታከማል ብሏታል። የዚያን ቀን ልጇ ድንቡሼ፣ በትምህርት ቤቷ አምስት ሰዓት ላይ ግጥም ልታነብ ስለነበር እኅቴ ብቻዋን ወጣች። ከወጣች ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

— ሄሎ? … እትዬ? … አዎ፣ እኔ ነኝ። ማን ሊሆን ኖሯል?

— የት ደረስሽ? … ፌርማታው ላይ። ጎሽ!

— ምን? … ቀስ በይ፣ ቃሉን አትዋጪው። … ካውያው።

— ሰማሁሽ። ካውያው ጠፍቷል ወይ ነው ያልሽው። … አልነግርሽም፣ እትዬ። እንዳልመልስልሽ ሐኪምሽ ፊት ተነጋግረን የለም? አንዴ አይተሽ ወጥተሻል፤ አንዴ ይበቃል።

— ጨካኝ አይደለሁም። ድሮ እነግርሽ አልነበር? «ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ገመዱ ተጠቅልሏል» እያልኩ ሦስት ጊዜ እንደ ጸሎት ስደግምልሽ፣ ጉንጬን ሳይቀር ብረቱ ላይ አስጠግቼ «ቀዝቅዟል» ስልሽ፣ አምስት ደቂቃ ታርፊ ነበር? … አዎ፣ «የትኛውን ጉንጭህን?» ብለሽ ትደውያለሽ። … ሳቅሽ! ሰማሁሽ።

— አክስቴ! እባክዎ ከዚያ ሆነው «ንገራት» እያሉ አይጩኹ። … ይቀመጡ፣ እለምንዎታለሁ። … አንጀትዎ እንደማይችል አውቃለሁ። የእኔስ መቼ ቻለ?

— ሄሎ? … ምንም አላሉም። ክራቸው ወድቆባቸው ነው።

— ቁርስ በልተሻል? … ሻይ ብቻ። ቡናስ? … ሁለት! አንድ ነበር እኮ የተባባልነው። በባዶ ሆድሽ ልብሽ እንዴት አይደልቅ? … ኧረ እኔ ልቆጣሽ? ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦ ጠቅልዬ ከትቻለሁ፤ አውጪና ግመጪ። … ማንም አያይሽም። ቢያይሽስ ምን አባቱ።

— ፍርሃቱ ከአሥር ስንት ነው? … ዘጠኝ። ይሁን። አትግፊው፣ አትከራከሪውም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስንራመድ ድልድዩ ላይ ቆመሽ ዘጠኝ ብለሽኝ አልነበር? ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ራሱ ወረደ። እኔ ምን አደረግሁ? አጠገብሽ ሆኜ ውኃውን ሰማሁ፣ ሌላ ምንም።

— ከፊትሽ ምን ይታይሻል? … ዝም ብለሽ ንገሪኝ። … ዝናቡ አባርቷል። … አስፋልቱ ያበራል። … ሁለት ሰዎች። ምን ተሸክመው? … መስታወት! … በር የሚያህል።

— ሰማዩ ውስጡ አለ? … አብሯቸው ይሄዳል? … እንዴት ደስ ይላል፣ እትዬ። ደመናውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲሻገሩ እዚህ ሆኜ ይታየኛል። … ወፍም አለች? … ገብታ ወጣች።

— ማን? … መስታወቱ ውስጥ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት። … አንቺ ነሻ! … እንዴት አላወቅሻትም? … ቤት ያለው መስታወት ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፤ እንዲህ ሙሉ ሆነሽ፣ መንገድ ላይ፣ ሰማይ ከኋላሽ አድርገሽ መቼ አየሽ? … ታምራለች ወይ? … ትንሽ ደክሟታል። እሺ። ደክሟትም ወጥታለች።

— አሁንስ ስንት ነው? … ስምንት ተኩል! ተኩሉን ከየት አመጣሽው?

— አውቶቡሱ መጣ? … እመለሳለሁ ማለት ምን ማለት ነው?

— እትዬ፣ ስሚኝ። አምና ከትምህርት ቤቱ በር ተመልሰሽ መጣሽ። ማታ ድንቡሼ ምን አለችሽ? … ምንም አላለችም። እሱን ነው የምልሽ። ዛሬም ብትቀሪ አትቆጣሽም። ከእንግዲህ ግን «ነይልኝ» አትልሽም።

— አታልቅሺ። … «በሞቴ» አትበይኝ። አፌ ላይ ነው ያለው፣ እትዬ፤ ለእኔም ቀላል አይደለም። አንዲት ቃል ናት። ብነግርሽ ለዛሬ ታርፊያለሽ፣ ነገ ሌላ ቃል ትፈልጊያለሽ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከበር አትወጪም።

— አክስቴ፣ በሩን ይተዉት! … ውጭ ቆመውም ቢጣሩ እዚያ ድረስ አይሰማትም።

— አዎ፣ ሳታውቂ ነው የምትገቢው። ሳታውቂ፣ ከነፍርሃትሽ። … ወደ ዘጠኝ ተመለሰ? ይመለስ። ቲኬት ይቁረጥና አብሮሽ ይሂድ።

— ሾፌሩ ምን አለ? … «ትገቢያለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ?» … እኔም እሱኑ ነው የምጠይቅሽ።

— እትዬ? … አንድ እግርሽ ገባ። … ሌላውስ? … ሌላው እግርሽ የት ነው? … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ—

ስልኩ ተቋረጠ። እኅቴ ትምህርት ቤቱ የደረሰችው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ድንቡሼ ሁለተኛውን ስንኝ እያነበበች ነበር። እኅቴ ከኋላ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማች።