አፈ ማርና የጉድጓዱ ጋኔን

የሄድኩት ሱሪዬን ለመውሰድ ነበር፤ ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ሰው ግን ለሱሪ ሄዶ ዳኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የሰፈራችንን ልብስ አጣቢ ሰው ሁሉ «አፈ ማር» ይላቸዋል። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ውሻ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ስቦ ጭቃ ላይ ሲጎትትባቸው አይቻለሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ባለቤቱን ከነዘሩ ትረግመው ነበር፤ እሳቸው ግን የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው ዝም አሉ።

የዚያን ዕለት ከጓሮ ጭቅጭቅ ሰማሁ። ወትሮ እንፋሎት የሚሞላውን የመተኮሻ ክፍል አልፌ ብወጣ፣ አፈ ማር በሳንቃና በድንጋይ የተከደነ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ላይ ተቀምጠዋል። ኮሌጅ የሚማረው ልጃቸው ገመድ ተሸክሞ ከፊታቸው ቆሟል።

«መምህር፣ እንኳን እግዜር አመጣዎ! ይፍረዱን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ደንበኞችም ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ጀምረዋል። ልጁ ጉድጓዱን ከፍቼ፣ ወርጄ ደለሉን ልጥረግ ይላል። እናቱ ደግሞ እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም ብለዋል።

«አባቱ እዚህ ገብቶ ቀረ። ሊያወጣው የገባው አጎቱም ቀረ፤ የሁለቱንም ሬሳ ከላይ በሜንጦ ስበው ነው ያወጡት። ይህ ልጅ ያኔ ጡት እንኳ አልጣለም ነበር። አንድ በልቶ የማይጠግብ ጋኔን ነው ያለበት። አሁን ደግሞ ልጄን ልጨምርለት?»

«እማዬ፣ ጋኔን የሚባል ነገር የለም» አለ ልጁ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ። ይህ እኮ የትም አገር ያለ ተረት ነው። አንዱ አገር ኩሬ ውስጥ ሕፃናት የምትጎትት፣ ጥርሷ አረንጓዴ የሆነ አሮጊት አለች ይላሉ። ሌላው አገር አናቱ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ ዔሊ የመሰለ ጋኔን ወንዝ ውስጥ ያደባል ይላሉ። ልጆቿን አስጥማ ወንዝ ዳር ስታለቅስ የምትኖር ሴት ያለችበት አገርም አለ። ኮሌጅ አስተማሪያችን እንደነገረን የማዕድን ቆፋሪዎች ደግሞ ከመሬት ሥር ፋኖስ የሚያጠፋ መንፈስ አለ ይሉ ነበር። ሁሉም በየቤቱ የየራሱን ጋኔን ፈጠረ። ስለዚህ የትም የለም ማለት ነው።»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ።

«ቆይ እስቲ» አሉ አፈ ማር። «ይህ ሁሉ አገር ተገናኝቶ ሳይመካከር ውሃ ውስጥ ክፉ ነገር አለ ካለ፣ እንግዲያው አለ ማለት ነዋ! አንድ ምስክር ይዋሻል። አገር ምድሩ ሁሉ ይዋሻል?»

እሳቸውም እውነታቸውን ነው አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ሲኖረው ራሴን ያዞረኛል። ሱሪዬንም ረሳሁት።

«ጋሼ፣ አለ ወይስ የለም?» አለ ልጁ አፋጦኝ።

«እንግዲህ... የለም መሰለኝ።»

«ሰማሽ እማዬ!» ብሎ እናቱን ደግፎ አስነሳና ድንጋዩንና ሳንቃውን ያነሳ ጀመር። አፈ ማር ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ የለም ካሉ እሺ የለም። ግን መምህር፣ ከሌለ ባሌን ምን በላው?»

 ጋኔኑን ከጉድጓዱ አባረርነው እንጂ በቦታው ያስቀመጥነው ነገር የለም። ልጁ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሲሰድ ባየሁ ጊዜ ግን ሳላስበው ጮህኩ።

«አቁም! አለ! አለ!»

«ምኑ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ አንድ ነገር አለ!»

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ አሁን የለም አላሉም እንዴ?»

«የለም። ግን አለ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? እግርህን አውጣ! ያ የማዕድን ቆፋሪዎቹ መንፈስ፣ ፋኖስ የሚያጠፋው፣ አስተማሪያችሁ ምንድን ነው አላችሁ?»

«እሱማ መንፈስ ሳይሆን... ከመሬት ሥር የሚታቆር መጥፎ...» ብሎ ሳይጨርስ እግሩን አወጣ። ከመተኮሻው ክፍል ፋኖስ አምጥቶ ለኮሰና በገመድ አውርደነው ሦስታችንም አጎንብሰን ተመለከትን። ነፋስ አልነበረም። ፋኖሱ ትንሽ እንደወረደ ነበልባሉ ቀጨጨ፤ ከዚያም ጠፋ። አውጥተን ለኩሰን ደግመን ብናወርደው እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

«እፍ አለው!» አሉ አፈ ማር። «አያችሁ? እፍ አለው!»

ልጁ መሬት ላይ ዘፍ አለ። 

«ማንም እፍ አላለውም እማዬ። እሳትም እንደኛ አየር ይፈልጋል። ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ግርጌ መጥፎ አየር ይተኛል፤ አይታይም፣ ድምፅ የለውም። የወረደ ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። ሊያወጣው የገባውም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። ያኔስ ተከድኖ ነበር የከረመው?»

«ክረምቱን ሙሉ ተከድኖ ነበር። አባትህም ሊጠርገው ነው የገባው።»

«አባዬንም አጎቴንም የገደላቸው እሱ ነው። እኔንም አሁን ሊገድለኝ ነበር» አለ።

 አፈ ማር ቀጥሎ የጠየቁት ግን ሁለታችንንም ግራ አጋባን።

«ይህ አየር ያላችሁት ነገር... ይሰማል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው የተናገረውን ይሰማል ወይ?»

«አይሰማም» አልኩ እኔ።

«ከአባትህ ጋር የዚያን ጠዋት ተጣልተን ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «የደንበኛ ሸሚዝ በካውያ አቃጥሎ። ‹ሰይጣን ይውሰድህ› አልኩት። ገመዱን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስ አለኝ። ጋኔኑ ሰምቶኝ፣ ሚስቱ ሰጥታኛለች ብሎ ወሰደው እያልኩ ነው የኖርኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ክፉ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ፈርቼ ነው።»

 እኛ ማር ስንለው የኖርነው ለካ ፍርሃት ኖሯል።

ልጁ እጃቸውን ያዘ። «እማዬ፣ መርቀሽ ብትሸኚውም ይሞት ነበር።»

«መርቄውም?»

«መርቀሽውም።»

ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ልጁም አብሯቸው። እኔም ዓይኔን እየጠራረግሁ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አንባቢዬ፣ ጋኔን አለ ያሉት የቀድሞ ሰዎች ከንቱ አልነበሩም። በየአገሩ ልጆቻቸውን «ወደዚያ አትጠጋ» ለማለት የነበራቸው ቃል ይኸው ነበር። ነገር ግን ጋኔን አትጠጋ ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ለምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ደግሞ፣ ወይ እንደ ልጁ ተዳፍሮ ሊወርድ ይነሳል፣ ወይ እንደ እናቱ ራሱን ሲከስስ ይኖራል። የተማርክ ሆይ፣ የሰውን ጋኔን ስትነጥቀው በምትኩ ምክንያቱን ስጠው።

ጉድጓዱን በኋላ ባለሙያዎች መጥተው አናፈሱት፤ ፋኖስ አለመጥፋቱ ብቻ ዋስትና እንደማይሆንም አስጠነቀቁን። አሁን ውሃው ማንም ሳይወርድ ከላይ በፓምፕ ይወጣል። ደንበኞችም ተመልሰዋል፤ የመተኮሻው ክፍል እንደ ድሮው በእንፋሎት ተሞልቷል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሱሪዬ ትዝ ብሎኝ ብሄድ፣ አፈ ማር ገና ከበሩ ሳልገባ ጮሁብኝ።

«እርስዎ ደግሞ! ቤቴ የእርስዎ ቁም ሣጥን ነው? ሱሪ ጥሎ የሚጠፋ ምን ዓይነት ዝርክርክ ሰው ነዎት! ሁለተኛ እንዲህ ቢያደርጉ ለመወልወያ ነው የማደርገው!»

ተራ የያዙት ደንበኞች ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ሱሪዬን ታቅፌ ወጣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሰድቤ አላውቅም።