የሳቺኮ እሺታ

(ሳር ቤት፣ አነስተኛ የጃፓን ሻይ መሸጫ፤ ከሰዓት በኋላ፤ ባለሱቁ አቶ ይርዳውና ማሸጊያ የምትነድፈው ልጁ ናኦሚ አዲሱን የሻይ ከረጢት ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።)

ይርዳው፦ አይታተምም አልኩሽ እኮ! የአያትሽን የእጅ ጽሕፈት ከሻዩ ጣሳ ላይ ስታነሺ አላሳዘነሽም?

ናኦሚ፦ አሳዝኖኛል። ግን አባዬ፣ ጃፓን ያለው ወጣት ሻይ የሚገዛው በጠርሙስ ነው፤ ቤቱ በራድ እንኳ የለውም። ያንን ትልቅ ጣሳ ማን ይሸከምልሃል? ይሄ ለአንድ ሲኒ የሚበቃ ነው፤ ብርሃን አያስገባ፣ እርጥበት አያስገባ።

ይርዳው፦ መልክ የለው፣ ስም የለው! የመድኃኒት ከረጢት ነው የሚመስለው።

ናኦሚ፦ ስሙማ አለ። ይኸው፣ እዚህ ጥጉ ላይ።

ይርዳው፦ በማጉያ መነጽር ካላዩት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። አዲስ ገዢ ስትፈልጉ የድሮውን ታባርሩታላችሁ።

ናኦሚ፦ የድሮው ገዢ እያለቀ ነው። ጃፓን እርሻው ላይ ያለው አጎቴ ኬንጂ «ዘንድሮም እንደ አምናው ከሆነ የሻይ ተክሉን ነቅዬ መሬቱን እሸጣለሁ» ብሏል። እማዬ በልጅነቷ የለቀመችውን ተክል፣ አባዬ!

ይርዳው፦ ታዲያ ዝም ብሎ አያሳትምም?

ናኦሚ፦ እርሻው የእሱና የእማዬ ነዋ! «የእህቴን የሳቺኮን እሺታ ከራሷ አፍ ሳልሰማ አላደርገውም» ብሎ ይኸው ወር ሙሉ ይደውላል። አንተ ደግሞ አንዴ «ተኝታለች»፣ አንዴ «ገላዋን እየታጠበች ነው»፣ አንዴ «ገበያ ወጥታለች»...

ይርዳው፦ ትወጣለች እኮ!

ናኦሚ፦ ድሮ። አሁን ብቻዋን ከበር ከወጣች መመለሻው ይጠፋባታል።

ይርዳው፦ ትንሽ መርሳት ናት፤ ዕድሜ ነው። እኔስ መነጽሬን የት እንዳኖርኩ መች አውቃለሁ?

ናኦሚ፦ መነጽር መርሳትና ልጅ መርሳት አንድ ነው?

ይርዳው፦ አንቺን አልረሳችም! ደግሞም ያ ጣሳ ነው የያዛት። ጽሕፈቱን ስታይ አባቷን ታስታውሳለች፤ አባቷን ስታስታውስ እኛንም ታስታውሳለች። ይሄን ዝም ያለ ከረጢት አይታ ምኑን ትያዝ?

ናኦሚ፦ እሑድ ከጣሳው ነበር ያፈላሁላት።

ይርዳው፦ እና?

ናኦሚ፦ ጽሕፈቱን በጣቷ እየዳሰሰች «የማን እጅ ነው? ደስ ይላል» አለችኝ። የአባቷን እጅ።

ይርዳው፦ ...ለምን አልነገርሽኝም?

ናኦሚ፦ አንተስ የምታየውን መቼ ትነግረኛለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልክ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህ?

ይርዳው፦ ኬንጂን ምን ልበለው? አባታቸው «ልጄን ለባዕድ አልሰጥም» ሲሉ የቆመልኝ እሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ «አደራ» ብሎኛል። አሁን «እህትህ ጠፋችብኝ» ልበለው?

ናኦሚ፦ አልጠፋችም። ጓዳ ቁጭ ብላለች። ታማለች።

ይርዳው፦ ዛሬ ጠዋት ሻይ ይዤላት ገባሁ።

ናኦሚ፦ እሺ።

ይርዳው፦ ዕድሜ ልኳን «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ብድግ ብላ እጅ ነሣችኝና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎ የዚህ ቤት ሰው ነዎት?» አለችኝ።

ናኦሚ፦ ውይ አባዬ... ምን አልካት?

ይርዳው፦ ምን እላለሁ? «አዎ፣ የዚህ ቤት ሰው ነኝ» አልኳት። ደስ አላት። ሻዩንም ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ናኦሚ፦ ከየትኛው አፍልተህ?

ይርዳው፦ ካንቺው ከረጢት። ጣሳው ባዶ ነበር።

ናኦሚ፦ እና እስካሁን ነው የምትሟገተኝ?

ይርዳው፦ ስልኩን ወዲህ በይ። ስለ ከረጢቱ አንቺ ንገሪው፤ ስለ እሷ እኔ እነግረዋለሁ።