ቀዝቃዛ ሞተር ጤነኛ ነው ያሉት ሾፌር

ከዳገቱ ወገብ ላይ አንዲት አሮጌ መኪና ኮፈኗን ከፍታ በእንፋሎት ተሸፍና ቆማ አገኘኋት። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያልተጠየቅሁትን መመለስ የቆየ በሽታዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ቀረብ ስል መኪናዋ የጎረቤቴ የአባ በረዶ ሆና ተገኘች። አባ በረዶ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ የሰፈሩ ሰዎች ነን፤ «ሞተር ማለት ቀዝቀዝ ሲል ነው» የምትል ንግግር ከአፋቸው አትጠፋማ።

ከኋላ ወንበር ታናሽ እህታቸው ተቀምጠዋል። ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከዳገቱ አናት ባለው ሆስፒታል ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ተራው ካለፈ ማሽኑ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ እዚሁ ዳገት ላይ ፈልታ ተራቸው አልፏቸው፣ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸው ነበር። ዛሬም ሃያ ሊትር የውሃ ጀሪካን እግራቸው ማስቀመጫ ላይ ስለተጎለተ ጉልበታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው የተቀመጡት።

የእህትየዋ ልጅ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቃ እናቷን ልታደርስ መጥታለች። አጎቷ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የራዲያተሩን ክዳን ሊያዞሩ ሲሉ እጇን በእጃቸው ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ አይክፈቱት። ፊትዎን ነው የሚያቃጥልዎት።»

«ምን ያቃጥላል? የሙቀት መለኪያውን ቀስት አላየሽም? ታች ተኝቷል እኮ። ሞተሩ በርዷል ማለት ነው።»

«የተኛው ስለበረደ አይደለም፤ የሚለካው ውሃ ስላጣ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው ሳቁ። መቼም የሚፈርድላቸው ሽማግሌ ያገኙ መስሏቸዋል። እኔ ግን ከልጅቷ ጎን ቆምኩ። የሙቀት መለኪያ ከወጡ ውስጥ ካልገባ የድስቱን ሙቀት ሊናገር አይችልም ብዬ አስረዳሁ፤ አላመኑኝም። ልጅቷ ሞተሩ እስኪበርድ ከሃያ ደቂቃ በላይ አስጠበቀችን። እናቷ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያዩ ነበር። ከዚያ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ ከፈተች፤ ውስጡ ባዶ ነበር። ሞተሩን አስነሥታ ውሃውን ቀስ አድርጋ ስትጨምር ያ የተኛው ቀስት ተነሥቶ መሃሉን አለፈ። አባ በረዶ አፍጥጠው አዩት።

እኔም አብሬያቸው ተሳፍሬ ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ማሽኑን ለሌላ ልትሰጥ ነበር። ለዛሬ ተቀበለቻቸው፤ ከነገ ወዲያ ከዘገዩ ግን እንደማትጠብቃቸው በግልጽ ነገረቻቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ክርክሩ ቀጠለ። ልጅቷ ኮፈኑን ከፍታ ስትፈትሽ ቴርሞስታቱ በቦታው የለም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ ደግሞ ከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚለቅ ትንሽ በር ነው። አባ በረዶ ከሃያ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ነቅለው መጣላቸውን ደረታቸውን ነፍተው ተናገሩ። ውሃው ያለ ከልካይ ከተዘዋወረ ሞተሩ አይሞቅም ባይ ናቸው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለውም ተረቱባት።

እሷ አልተቆጣችም። ሞተር የሚሠራበት የራሱ ሙቀት እንዳለው፣ ለአብዛኞቹ መኪኖች ከሰማንያ አምስት እስከ መቶ ዲግሪ ገደማ መሆኑን ነገረቻቸው። ከዚያ በታች ሲሆን ዘይቱ ወፍሮ ብረት ብረትን ይበላዋል፣ ነዳጁም ሳይቃጠል ይባክናል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል፤ ያኔ ሞተሩ ለወራሽም አይተርፍም።

«ውሃ መቶ ላይ ይፈላል እየተባለ መቶ ድረስ ያሙቁት ትይኛለሽ?» አሉ አባ በረዶ።

«ክዳኑ ደህና ከሆነ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ውሃው ቶሎ አይፈላም። ኩላንት የሚባለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የእርስዎ ክዳን ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፣ ቱቦው ያንጠባጥባል፣ ራዲያተሩም በዝገት ተደፍኗል። ቴርሞስታቱን መንቀልዎ ሜዳ ላይ እያቀዘቀዘ ሕመሙን ደበቀልዎት እንጂ አላዳነውም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው ብዬ ልጨምር አፌን ስከፍት፣ ቤት ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ የተኙት እህታቸው ቀደሙኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ነርሷ ሁልጊዜ ትለካኛለች። ሠላሳ ሰባት ስሆን ደስ ይላታል። አንድ ቀን ሠላሳ አራት ሆኜ ተገኘሁና ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። እሰይ ቀዘቀዘች አላለችም።»

አባ በረዶ ጋቢያቸውን አውልቀው አጥር ላይ ጣሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ካበራችሁብኝ ምን አደርጋለሁ። መፍቻውን አቀብዪኝ።»

በማግስቱ እስኪመሽ ሠሩ። ከራዲያተሩ ቡና የመሰለ ዝገት ወጣ፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወርድ ደጋግመው አጠቡት። ቱቦው፣ ክዳኑ፣ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ተለወጡ፤ ቴርሞስታቱም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ኩላንትም ገባ። ሽማግሌው የጨመሩት ውሃ መያዣው ላይ ከተሰመረው ልክ መድረሱን ሦስቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ትልቅ ጥበብ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ውሃውንና ዘይቱን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መንገድ ላይ የፈላ ሞተር ግን ስንት ሰው ያስቀራል።

በቀጠሮው ቀን የጀመርኩትን ነገር መጨረሻ ሳላይ አልቀርም ብዬ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ዳገቱ እንደ ጀመረ ቀስቱ ከታች ተነሥቶ ወደ መሃል መጣ። አባ በረዶ ላብ አላባቸው፤ በልማዳቸው ወደ ዳር ሊይዙ መሪውን ጠመዘዙ።

«ይንዱ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «መሃል የሱ ቦታ ነው። ከመሃል ካለፈ ወይም ድንገት ከወደቀ ያኔ እንቆማለን።»

ጥርሳቸውን ነክሰው ነዱ። ያን የተለመደውን መቆሚያ አለፍነው፤ ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ጀሪካኑ ለክፉ ቀን ተብሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተቀምጧል። እህታቸው ጫማቸውን አውልቀው ያበጠ እግራቸውን ጀሪካኑ በነበረበት ቦታ ዘረጉ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የደረስነው ከተራቸው ሃያ ደቂቃ ቀድመን ነው። አባ በረዶ ሞተሩን አጥፍተው ወደ ኋላ ዞር አሉና እህታቸውን ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው። እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

«ደርሰናል» አሏቸው።

«ዳገቱን መቼ ወጣነው?» አሉ እህታቸው።