ቦዩ ላይ የቆመው ዕቃ ቤት

ሐምሌ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፤ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ አድሯል፤ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው የእድሩን ዕቃ ቤት ሊከፍቱ ሲመጡ፣ ከዕቃ ቤቱ ግርጌ የምትኖረው ይመናሹ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች።

ይመናሹ፦ ቁልፉን ኪስዎ ይመልሱት፣ ጋሼ። እኔ እዚህ ቆሜ ይሄ በር አይከፈትም።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን ነካሽ? ገና ከቤተ ክርስቲያን መምጣቴ ነው። ዞር በይልኝ፤ ድንኳኑ ረጥቦ እንደሆነ ልየው።

ይመናሹ፦ ድንኳኑማ ደረቅ ነው። ቆርቆሮ ተመትቶለታል፣ ከፍ ያለ መሠረት ተሠርቶለታል። የረጠበው ባሌ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ታፈረ? ምን ሆነ?

ይመናሹ፦ ምን ይሆናል፣ እንደተኛ ነው። እግሩ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ጎርፍ መጣ ተብሎ ይነሳል? ውሃው በጓሮ በር ገብቶ ፍራሹን ነካው። እኔ በባልዲ ስጠልቅ እሱ ጣራ ጣራውን እያየ እመቤቴን ይጠራል። ሲነጋ ልብሱን ላጥብለት ቧንቧ ብከፍት ጠብ የለም። ሳምንቱን ሙሉ የለም። በቧንቧ የጠፋው ውሃ በበር መጣልኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ እግዜር ያውቃል አዝናለሁ። ግን ይሄ የእኔ ሥራ ነው? ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ውሃና ፍሳሽ አለ።

ይመናሹ፦ ሰሞኑን ጎርፉ ጓሮዬ ድረስ ሲመጣ ሁለቱም ጋ ሄጃለሁ። ቧንቧው በፈረቃ ነው፣ ጠብቂ ተባልኩ። ጎርፉን ስነግራቸው ደግሞ፣ ቦዩን የዘጋው የእድር ዕቃ ቤት ነው፣ እድር ከነካን ሰፈሩ ይነሳብናል፣ እናንተው ተነጋገሩ አሉኝ። ይኸው ልነጋገር መጣሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ስንሠራው ባዶ መሬት ነበር። የማንም አይደለም ብለን ነው።

ይመናሹ፦ የጎርፉ ነበራ። ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት ሲል፣ እዚህ ላይ ጎጆ የቀለሰ የጠፋው ለምን ይመስልዎታል?

ጋሽ ደምሰው፦ ታፈረም እኮ ድንጋይ አቀብሎናል። አንቺም ያን ቀን ጠላ ይዘሽ መጥተሻል፤ ረሳሽው?

ይመናሹ፦ አልረሳሁም። ምነው ያን ጠላ በደፋሁት እያልኩ ነው ያደርኩት።

ጋሽ ደምሰው፦ እና አሁን ይፍረስ ነው የምትይው? ሰው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ያዋጣበት ቤት? ድስቱ የት ይደር? ወንበሩስ? ሰው ሲሞት ምን ልንዘረጋ ነው?

ይመናሹ፦ ለሚሞተው ተጨንቃችኋል። ያልሞተው ውሃ ላይ ተኝቷል።

ጋሽ ደምሰው፦ ምላስሽን ሰብስቢ። እናትሽ ሲያርፉ ማን ነበር ከደጅሽ ያልጠፋው?

ይመናሹ፦ እናንተ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ጠላት ቢያደርገው ለፈጣሪ ሰጥቼው እተኛ ነበር።

ጋሽ ደምሰው፦ ይሁን እሺ። ክረምቱ ይውጣና መስከረም ላይ ስብሰባ እንጠራለን።

ይመናሹ፦ መስከረም ላይማ ድንኳኑ እኔ ደጅ ተተክሎ ያገኙታል።

ጋሽ ደምሰው፦ አታሟርቺ፣ በሰንበት!

ይመናሹ፦ እውነቱን ይንገሩኝ። የሚያሳስብዎት ድስቱ ነው ወይስ በሩ አናት ላይ የተጻፈው ስምዎ?

ጋሽ ደምሰው፦ ስሜን እኔ ጻፉ አልኩ? እነሱ ናቸው... ተይው። እሺ፣ እናፍርሰው እንበል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ አንቺና እኔ በዶማ እንገፋዋለን? ሰፈሩ በሙሉ መውጣት አለበት። አጥር እንጠግን ብዬ ስጠራ የመጣው ዘበኛው ብቻ ነበር። ይሄ ሰፈር ቀብር ካልሆነ ንቅንቅ አይልም፤ ጠንቅቀሽ ታውቂዋለሽ።

ይመናሹ፦ አውቃለሁ። ስለዚህ በበየነ ቤት በኩል ነው የመጣሁት።

ጋሽ ደምሰው፦ በየነ? ጥሩምባ ነፊያችን?

ይመናሹ፦ እሱ።

ጋሽ ደምሰው፦ ይመናሹ፣ ምን ብለሽ ዋሸሽው?

ይመናሹ፦ በሰንበት አልዋሽም። ቤቴ ወስጄ ታፈረን አሳየሁት። ፍራሹን በእጁ ዳሰሰው። ሲወጣ ጥሩምባውን ከትከሻው አወረደ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሰው ሳይሞት? ይሄ እኮ በእድራችን ተደርጎ አያውቅም። ሰው ደረቱን እየመታ ሲደርስ ሬሳው የታለ ቢል ምን ልንል ነው?

ይመናሹ፦ በየነ እየለፈፈ ነው የሚመጣው። ታፈረ ሳይሞት ድረሱለት፣ ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ ይላል።

ጋሽ ደምሰው፦ ቆይ... ስሚ እስቲ። ጥሩምባው ከላይ መንገድ ነው?

ይመናሹ፦ እሱ ነው። ያው፣ በሮቹም እየተከፈቱ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ የቀብር ነጠላ አዘቅዝቀው ነው የሚመጡት... እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ሲደርሱ ምን እላቸዋለሁ?

ይመናሹ፦ እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ተዘግቶ ካገኙት ግን በሩንም አብረው ነው የሚያፈርሱት። እንግዲህ፣ ጋሼ፣ አሁን ቁልፉን ያውጡት።